ከቦዩ ጫፍ የተጻፈው ደንብ

አንድ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበረ። ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ በአንዲት ጠረጴዛና በአንድ አሮጌ ጃንጥላ፣ ሃያ ዓመት የሰው አቤቱታ ሲጽፍ ኖረ። እጁ ፈጣን፣ ፊደሉ ያማረ ነበር። ልቡ ግን ደክሞት ነበር።

መምህር አስናቀ ታሪኩን እንዲህ ብለው ጀመሩት። የጠየቀቻቸው ከአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቻቸው አንዷ፣ የትናየት ናት። በድርሰት ክፍለ ጊዜ ሦስት ሳምንት ሙሉ በአንድ ችግር ላይ ብቻ ሲያጽፏቸው ቆይተዋል። ፍርድ ቤት «ይፈታ» ብሎ ያዘዘለትን እስረኛ አንድ ሹም አልፈታም ቢል፣ ሹሙን የሚያስገድድ የሕገ መንግሥት አንቀጽ ጻፉ የሚል ነው። ተማሪዎቹ ጻፉ። መምህሩ «ሹሙ በየት በኩል ያመልጣል?» እያሉ መለሱላቸው። እንደገና ጻፉ። በመጨረሻ የትናየት ከደወል በኋላ ቀረችና፣ ዓይኗን ደብተሯ ላይ ተክላ፣ «መምህር፣ ሌላው ክፍል ኖት ይጻፍለታል፤ ለእኛ ግን ችግር ብቻ ነው የሚሰጠን። የሌሎች አገሮች ሕገ መንግሥት ተጽፎ የለም እንዴ? ለምን ከዚያ ገልብጠን አንገላገልም?» አለቻቸው። መምህሩ የጠመኔውን ብናኝ ከእጃቸው አራግፈው ወንበር ላይ ተቀመጡ። እሳቸውም ደክሟቸው ስለነበር አልተቆጡም።

ያ ማመልከቻ ጸሐፊ ከአቤቱታ ሌላ የመተዳደሪያ ደንብም ይጽፍ ነበር። እድሩም፣ ማኅበሩም፣ መስኖ የሚጠቀመው ገበሬም ደንብ ሲፈልግ ወደ እሱ ይመጣል። መጀመሪያ ላይ ጸሐፊው ይጠይቅ ነበር፤ ስንት ናችሁ፣ በምን ተጣላችሁ፣ ምን ያሰጋችኋል ይላል። እያደር ሰለቸው። የሰው ጠብ ሁሉ አንድ ዓይነት መሰለው። በትልቅ ወንዝ ዳር ላለ አንድ መንደር የጻፈው የመስኖ ደንብ ነበረው፤ ሃያ አንቀጽ ያለው፣ ሲነበብ ጆሮ የሚጥም። ከዚያ ወዲህ ለመጣው መንደር ሁሉ ያንኑ እየገለበጠ፣ የመንደሩን ስም ብቻ እየለወጠ መስጠት ጀመረ። ሰዎቹም ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ። ማኅተም ይመቱበትና በላስቲክ ጠቅልለው ያስቀምጡታል።

አንድ ቀን ከምንጭ ውሃ የሚያጠጣ መንደር ሰዎች መጡ። ምንጩ ከተራራው ወገብ ይፈልቃል፤ ቦዩ ከዚያ ተነሥቶ በየማሳው ራስ እያለፈ ወደ ታች ይወርዳል። ውሃውን በተራ የሚያካፍል፣ «የውሃ አባት» የሚሉት ሽማግሌ አላቸው። እስከዚያ ቀን ድረስ ደንባቸው በቃል ነበር፤ አሁን ግን ቀበሌው የተጻፈ አምጡ ብሏቸዋል።

ጸሐፊው ቀና ብሎ እንኳ አላያቸውም።

«ስንት አባወራ ናችሁ?»

«አሥራ ስድስት።»

«ነገ ከሰዓት ኑና ውሰዱ።»

በማግስቱ ወሰዱት። አንቀጽ አራት፣ ማንኛውም አባል ግማሽ ቀን ውሃ ያገኛል ይላል፤ አንዱ ፀሐይ ከወጣችበት እስከ ቀትር፣ ሌላው ከቀትር እስከ ፀሐይ መጥለቂያ። አሥራ ስድስት አባወራ በስምንት ቀን ይዳረሳል ማለት ነው። አንቀጽ አሥራ ዘጠኝ ደግሞ፣ የውሃ አባቱ የሚሰጠው ውሳኔ የመጨረሻ ነው ይላል። ከዚህ በላይ እኩልነት ከየት ይመጣል? ሁሉም ወደደው። ቀድሞ ውሃው ሲያንስ የውሃ አባቱ ወዲያና ወዲህ እየዞረ፣ የዚህን ማሳ አይቶ የዚያን አይቶ ያደላድል ነበር። ወረቀቱ ከመጣ በኋላ ግን «ወረቀቱ እንዲህ ይላል» ማለት ቀለለው። ሽማግሌ ነው፤ መዞሩም አድክሞታል።

መጋቢት ገባና ምንጩ ቀጠነ። አንዲት ሴት ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ወደ ጸሐፊው ጠረጴዛ መጣች። ባሏ የሞተባት፣ ሦስት ልጆች የምታሳድግ ገበሬ ናት። ማሳዋ ከቦዩ መጨረሻ፣ ከሁሉም በታች ነው።

«ጌታው፣ የመንደራችንን ደንብ የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«እስቲ እኔ ያለሁበትን ቦታ ያንብቡልኝ።»

«ሁላችሁም አላችሁበት እኮ። ‹ማንኛውም አባል› ይላል።»

«ማንኛውም አባልን መቼ ጠየቅሁዎት፤ እኔን ነው ያልሁት።»

ጸሐፊው ብዕሩን አስቀመጠ። ሴትዮዋም ነገረችው። ተራዋ ማለዳ ነው። ማለዳ ውሃው ከላይ ይለቀቅላታል። ነገር ግን ከመጨረሻው ጎረቤቷ እሷ ድረስ ያለው ረጅም ቦይ ሰባት ቀን ሙሉ ውሃ ሳያይ ከርሞ ተሰነጣጥቋል፤ መጀመሪያ ራሱ ይጠጣል። ውሃው እሷ ዘንድ ሲደርስ ቀትር ይሆናል። ቀትር ሲሆን ደግሞ ተራሽ አለቀ ተብሎ ከላይ ይዘጋል።

«የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይሉ የለ? ከምንጭ ሥር ተቀምጬ ሽንኩርቴ ሊደርቅ ነው። አሁን ራስ የሚይዝበት ጊዜ ነው። አንድ ተራ አምልጦኛል። ሦስት ካመለጠኝ መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥቼ፣ ልጆቼን ለዘመድ በትኜ፣ ከተማ ሰው ቤት እገባለሁ። ሌላ መላ የለኝም።»

ጸሐፊው አዘነላት። ያዘነ ሰው ደግሞ የሚያደርገው የለመደውን ነው፤ እሱም ጻፈ። ሃያው አንቀጽ ሠላሳ ሆነ። «ፍትሐዊ» የሚለው ቃል ብቻ አሥራ አንድ ቦታ ገባ። «ያለ አንዳች አድልዎ» የሚል ተጨመረ። «የአባላትን እኩል ተጠቃሚነት ባረጋገጠ መልኩ» የሚልም ተጨመረ። የመንደሩ ሰዎች ከምንጩ አጠገብ ካለው ዋርካ ሥር ተሰብስበው፣ በጥላው ተቀምጠው አስነበቡትና አጨበጨቡ። ማኅተምም መቱበት። በስምንተኛው ቀን የሴትዮዋ ተራ ደረሰ፤ ውሃው እንደ ወትሮው ቀትር ላይ መጣ፣ እንደ ወትሮውም ተዘጋ።

ሴትዮዋ ተመልሳ መጣች። ከነጠላዋ ጫፍ አንዲት ሽንኩርት ፈታች። ሽንኩርቷ የነጭ ሽንኩርት ፍልቃቂ ታህላለች፤ ቅጠሏ ከጫፉ ቢጫ ሆኖ ተጠቅልሏል። ጠረጴዛው ላይ፣ ከሠላሳው አንቀጽ ግልባጭ በላይ አስቀመጠቻትና ሄደች።

ጸሐፊው ሽንኩርቷን ሲያይ ቆየ። በሃያ ዓመት ውስጥ ስንት አቤቱታ ጽፏል፤ እንዲህ ያለ አቤቱታ ግን ቀርቦለት አያውቅም። ደግሞ ሌላ አርባ አንቀጽ ሊጽፍ እንደሚችል አሰበና ሰውነቱ ዛለ። ለመንደሩ መልእክት ላከ፦ «ደንቡን አስተካክላለሁ። የማነበው ግን በሴትዮዋ ማሳ ላይ ነው። በተራዋ ቀን ማለዳ ሁላችሁም እዚያ ቆዩኝ።»

ሰዎቹ አጉረመረሙ። «ዋርካው ምን ሆነና ነው ፀሐይ ላይ የምንሰጣ?» አሉ። ቢሆንም ቀበሌው የመጨረሻውን ወረቀት ስለሚጠብቅ መጡ።

እሱ ራሱ በማለዳ ወደ ምንጩ ወጣ። የውሃ አባቱ ውሃውን ለቀቀ፤ ጸሐፊው ከውሃው ጋር እኩል እየተራመደ ቁልቁል ጀመረ። ውሃው እንደ ታመመ ሰው ነው የሚሄደው። ጥቂት ይራመዳል፣ ስንጥቅ ሲያገኝ ይቀመጣል፣ ስንጥቁ ሲጠግብ ይነሣል። ገና ብዙ ሳይሄዱ፣ በውሃ አባቱ ማሳ ራስ ላይ፣ የቦዩ ግድግዳ ተቀዶ በጭድ ተወትፎ አየ። ውሃው በጭዱ ውስጥ እየሾለከ ወደ ሽማግሌው የሽንኩርት መደብ ይገባል። መደቡ በመጋቢት ሙቀት አረንጓዴ ነው።

«ይህ ምንድን ነው?» አለ ጸሐፊው።

«አይጥ ነው» አለ የውሃ አባቱ፣ ፊቱን ሳያዞር።

ጸሐፊው ለመከራከር አቅም አልነበረውም። ውሃውን ቀድሞ መንገዱን ቀጠለ።

ከሴትዮዋ ማሳ ሲደርስ ውሃው ገና ከኋላው ቀርቶ ነበር። አሥራ አራቱ ገበሬዎች ዳር ዳሩን ተቀምጠዋል፤ የውሃ አባቱም ምርኩዙን ተደግፎ ተከትሎት ወርዷል። ጸሐፊው አንድ ባዶ ወረቀት አወጣ።

«ደንቡስ የታለ?» አሉት።

«አልጻፍሁትም። ውሃው ይድረስና እጽፋለሁ።»

«ወይ ጉድ!» አለ አንድ ወጣት ገበሬ። «ፊደል የቆጠረ ሰው ቃል አለቀበትና ከቦይ ሊበደር መጣ።»

ሳቁ። ከዚያ ጠበቁ። በዚያ ማሳ ላይ ዛፍ የለም። ፀሐይዋ ከፍ አለች። አንዱ ነጠላውን ራሱ ላይ አደረገ፤ አንዱ ድንጋዩ ሲያቃጥለው ቦታ ለወጠ። ሴትዮዋ በጣሳ የሚጠጣ ውሃ አዞረችላቸው። «ለአፍ የሚሆንስ አላጣሁም» አለች፣ ለማንም ሳትናገር። ማሳው ከላይ ሁለተኛ የሆነው ያ ወጣት ገበሬ ዙሪያውን አየና «እኔ እኮ ተወልጄ እስካድግ እዚህ ድረስ ወርጄ አላውቅም» አለ። ይህን ያለው ለቀልድ ነበር፤ የሳቀ ሰው ግን አልነበረም።

ቀትር ላይ ውሃው መጣ። እንደ ክር ቀጥኖ፣ ገለባና አፈር እየገፋ፣ ወደ ማሳው አፍ ደረሰ። ሴትዮዋ ዶማዋን አላነሣችም። ውሃው ወደ መጀመሪያው ትልም ገባ፣ ሦስት እርምጃ ያህል ሄደ፣ ከዚያ ቆመ። ከላይ የባለ ተራው ሚስት ፀሐይዋን አይታ፣ ቀትር መሆኑን አረጋግጣ፣ በደንቡ መሠረት ወደ ማሳዋ መልሳዋለች። እዚያ ቦታ ሕግ የጣሰ አንድ ሰው አልነበረም። ሁሉም ወረቀቱን አክብሯል።

አንድ ሽማግሌ ገበሬ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ተራ መቆጠር ያለበት ውሃው ከባለ ተራው ማሳ አፍ ሲደርስ ነው» አለ።

«ልጻፈው?»

«ጻፈው እንጂ።»

«መድረሱን ማን ይናገራል?»

«እሷ ትጣራ። ድምፅ አላት።»

«ብትዋሽስ?» አለ ሌላው።

«ያላመነ ወርዶ ይይ!» አለች ሴትዮዋ። «መንገዱን ዛሬ አሳይቻችኋለሁ።»

ጸሐፊው ጻፈ፣ ሰረዘ፣ እንደገና ጻፈ። ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ስላደረገው ፊደሉ ተንጋደደ፤ ላቡም ጠብ አለበት። ቀጥሎ ቦዩን ከአናት እስከ እግር ሁሉም በጋራ እንዲጠርግ ተስማሙ። ሦስተኛውንም ጨመሩ፤ በሰው ተራ ቦይ የቀደደ ቀጣይ ተራውን ያጣል። ይህን ሲጽፍ ሴትዮዋ፣

«የቀደደው የውሃ አባቱ ከሆነስ?» አለች።

ሁሉም መሬት መሬት አየ። የውሃ አባቱ ከምርኩዙ ቀና አለ።

«እኔ ቀድጃለሁ ነው የምትይኝ?»

«ኧረ እኔ አልወጣኝም፣ አባቴ። ሁልጊዜም አይጥ ነው ይባላል።»

«መቼም አይጣችን ጎበዝ አራሽ ናት» አለ ያ ወጣት። «ሽንኩርት ማጠጣት ታውቅበታለች።»

የውሃ አባቱ ምርኩዙን መሬት ላይ መታ። «ሠላሳ ዓመት!» አለ። «ሠላሳ ዓመት ይህን ቦይ ስጠብቅ፣ በእናንተ ጠብ መካከል ቆሜ ዱላ ስመክት፣ ከእናንተ ማን ነበረ? አሁን ከማንም ጋር እኩል ልቆጠር? ጻፍ አንተ ጸሐፊ፣ ‹ከውሃ አባቱ በቀር› ብለህ ጻፍ።»

ጸሐፊው እንዲህ ያለውን ነገር መጻፍ ያውቅበታል። ሃያ ዓመት ሲሠራው የኖረ ነው። «ከሥራው ጠባይ የተነሣ የውሃ አባቱን አግባብ ባለው ሁኔታ የማይመለከት ሆኖ» ቢል፣ ሐረጉ ያምራል፣ ሰዎቹ ያጨበጭባሉ፣ ሽማግሌውም አይቀየምም። ሴትዮዋም ማንበብ አታውቅም። ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ቆመ። ያን ቀን ግን ሐረግ ለማሳመር እንኳ ጉልበት አጣ። ሽማግሌው ያለውን በተራ ቃል ቁጭ አደረገውና፣ ከተቀመጠበት ተነሥቶ፣ ሁሉም እንዲሰማ አነበበው።

«‹በሰው ተራ ቦይ የቀደደ ቀጣይ ተራውን ያጣል። የውሃ አባቱ ግን በሰው ተራ ቦይ ቢቀድ ምንም አይሆንም።› እንዲህ ነው ያሉት፣ አባቴ? ያጎደልሁት ካለ ይንገሩኝ።»

ያ ወጣት እንኳ አልሳቀም። የውሃ አባቱ ወደ ትልሙ አየ። ሦስቱ እርምጃ እርጥብ አፈር ከዳሩ መድረቅ ጀምሯል። ሴትዮዋ ግን ያየችው ሽማግሌውን ነበር።

«እንዲያ ሆኖ ሲነበብ ያስጠላል» አለ ሽማግሌው በመጨረሻ፣ በቀስታ።

«ምን ላድርገው?»

«ሰርዘው። ‹የውሃ አባቱም ቢሆን› በልበት።»

ከገበሬዎቹ አንዱ፣ «እንግዲህ ማኅተም ሳይመታበት ለዛሬ ይሠራል ወይ?» ብሎ ጠየቀ። የውሃ አባቱ ከአጠገቡ ካለው ሰው አካፋ ተቀብሎ ዳገቱን ወጣ። አርጅቷል፣ ፀሐይዋም በርትታለች፤ ሁለት ጊዜ ተቀምጦ አረፈ። ሰዎቹ ከታች ሆነው ያዩታል፤ ልርዳህ ብሎ የተነሣ የለም፤ ልርዳህ ማለትም አሳፈራቸው። የባለ ተራው ሚስት ቆማ ጥቂት አነጋገረችውና ውሃውን መልሳ ለቀቀች። ሽማግሌው ከራሱ ማሳ ራስ ሲደርስ ጎንበስ አለ፤ ብዙ ጊዜ እንደ ጎነበሰ ቆየ። ከዚያ ብዙ ሳይቆይ ውሃው እንደገና መጣ፤ ቦዩ ጠጥቶ ስለነበር ፈጥኖ ነው የደረሰው፣ ወፈርም ብሏል። ሴትዮዋ ቀሚሷን ሰብስባ ዶማዋን አነሣች።

ፀሐይ እስክትጠልቅ አጠጣች። ከሽንኩርቱ እኩሌታው ዳነ፤ እኩሌታው ቀድሞ ሄዷል። መሬቱን ለማንም አልሰጠችም፤ ልጆቿም አልተበተኑም። ለከርሞ ምን እንደሚሆን እግዚአብሔር ያውቃል።

ሰዎች ስለዚያ ባለ ሦስት አንቀጽ ወረቀት ሰሙ። ከየመንደሩ እየመጡ «ያን ጥሩ ደንብ ገልብጥልን» ይሉት ጀመር። ጸሐፊውም «ውሃችሁ የሚያልቀው የት ነው? እዚያ ሄደን እንቀመጥ» ይላቸዋል። ብዙዎቹ ተቆጥተው ሌላ ጸሐፊ ዘንድ ሄዱ። ጥቂቶች ግን እሱን ይዘውት ወደዚያ ሄዱ። እሱም ከመንገዱ ብዛት እግሩን ይታመም ጀመር።

መምህር አስናቀ ይህን ከጨረሱ በኋላ ወደ የትናየት ዞሩ።

«እንግዲህ ልጄ፣ የመንደር ደንብ ለመንደር ሕገ መንግሥት ማለት ነው። ያ ጸሐፊ አንቺ ነሽ፤ በየዓመቱ ያንኑ ኖት ሰሌዳ ላይ ስጽፍ የኖርሁት እኔም ነኝ። ሃያው አንቀጽ ገልብጠን እንገላገል ያልሽው ነው። የሌሎችን አታንብቢ አላልሁሽም፤ አንብቢ። ነገር ግን እነሱን ያጻፋቸው የገዛ ራሳቸው ደረቅ ቦይ ነው። ሹሙም የውሃ አባቱ ነው። ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል፣ ብዙ ደክሞም ይሆናል። ነገር ግን ከላይ ለተቀመጠ ሰው ውሃው ሁልጊዜ ሙሉ ነው፤ ‹ከእኔ በቀር› የሚለውን አሳምሮ የሚጽፍለትም አያጣም። ደንብ የሚለካው ከታች፣ ውሃው ከሚያልቅበት ነው። ሦስት ሳምንት ፀሐይ ላይ ያስቀመጥኋችሁ ጨክኜ እንዳይመስልሽ። በይ ትናንት የሰጠሽኝን አንቀጽ አውጪ። እስረኛው ባልሽ ነው እንበል፤ አንቺም ስንቅ ይዘሽ ከእስር ቤቱ በር ቆመሻል። እንዲያ ሆነሽ አንብቢልኝ።»

የትናየት ደብተሯን ገለጠች። ድምፅዋ አይሰማም ነበር፤ መምህሩ ወንበራቸውን አስጠጉ።

«‹ማንኛውም የመንግሥት ሹም የፍርድ ቤትን ትእዛዝ ተቀብሎ፣ እንደ አስፈላጊነቱ፣ በአፋጣኝ...›»

አቆመች። «እንደ አስፈላጊነቱ» የሚለውን በጣቷ ነካችው። የጻፈችው ደስ ስላላት ነበር፤ ከአንድ ቦታ አይታው ነው።

«አስፈላጊ መሆን አለመሆኑን የሚወስነው ማን ነው?» አሉ መምህሩ።

«ሹሙ» አለች ቀስ ብላ።

«እንግዲያስ ባልሽ ዛሬም አይወጣም። ተቀመጪና ጻፊ፣ ልጄ። እኔም እጠብቅሻለሁ።»